ማቋቋሚያው የት ሄደ?

ይድረስ፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ ለድሬ ሕዝብ
ጉዳዩ፦ አንድ ደብተር ማስረከብን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

የመልካ ጀብዱ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ክረምቱ ሳይበረታ ነው። ከከተማው በላይ ባለው በደንገጎ ተራራ ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አይገኝም፣ ሁሉም ይሮጣል። ውኃው ሲጎድል ደግሞ ሁሉም ደክሞታል። የተፈናቀለን ሰው መልሶ ስለ ማቋቋም በረጋ መንፈስ መነጋገር የሚቻለው ማንም ያልተፈናቀለ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጉዳዩን አጀንዳ የሚያደርግ የለም።

ስለ ሰፈሬ ስም አንድ ነገር ልበል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ውኃው በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቁ ነበር። እኛ ስሙን በቀን አሥር ጊዜ እየጠራን፣ መንገድ ስንቀይስና መጋዘን ስንተክል ግን ትርጉሙን እንረሳዋለን።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998፣ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ደቻቱ ያደረገውን ለድሬ ሰው አልተርክም። ግልባጩ ለሚደርሳቸው አዲስ አበባ ላሉት ግን ባጭሩ ልንገር። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማውን ሰፈሮች የሚለይ ሰፊ፣ ደረቅ አሸዋ። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ሸቀጥ ይዘረጋበታል። እንግዳን «ይህ ወንዝ ነው» ብትሉት ይስቃል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ሐረርጌ ደጋ ነው፤ ሂሳቡን የምንከፍለው እኛ ታች ያለነው ነን። በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ደግሞ ቤት አልባ ሆነ። የመጀመሪያው አልነበረም፣ በ1973ም ሰው ወስዷል። የመጨረሻውም አልሆነም፣ በሚያዝያ 2012 እንደገና ሕይወት አጠፋ። በመሀሉ የተሠራው ግንብና ጋቢዮን ብዙ ክረምት በሰላም አሳልፎናል፤ ለሠሩት ምስጋና ይገባቸዋል። የእኔ ጉዳይ ግን ከግንቡ ወዲህ ነው፣ ውኃው ካለፈ በኋላ ያለው።

በዚያን ክረምት የማስተምርበት ትምህርት ቤት መጠለያ ሆነ። ተማሪዎች የክረምት ዕረፍት ላይ ስለነበሩ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። እሑድ ከሰዓት አንድ ሰው ባለመስመር ደብተር ሰጠኝና «አስተማሪ ነህ፣ ጽሕፈትህም ይነበባል፣ መዝግብ» አለኝ። አምዶቹን በማስመሪያ አሰመርኩ፦ ተራ ቁጥር፣ የአባወራ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ሰልፉ ከጥቁር ሰሌዳው ተነሥቶ እስከ ውጭው ቧንቧ ደረሰ። የሁሉም እግር ጭቃ ነው፣ የብዙዎቹም ባዶ ነው።

አንዲት ሴት ደረሰች። ደቻቱ ዳር ባጂያ ጠብሳ የምትሸጥ፣ በፊት የማውቃት ነች።

«የአባወራ ስም?»

«ጅቡቲ ነው፣ ወደብ ላይ ጫኝ ነው። እዚህ አባወራው እኔ ነኝ፣ እኔን ጻፍ።»

«መታወቂያ?»

«ውኃውን ጠይቀው።»

«የቤት ቁጥር?»

እሱ ላይ ዝም አለች። የምትኖረው ከሰው ጊቢ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው። ክፍሏ ቁጥር የላትም፣ ቁጥሩ የባለቤቱ ነው። እኔም በአምዱ ውስጥ «ከእገሌ ጊቢ፣ ኪራይ» ብዬ ጻፍኩ። ከመስመሩ ወጥቶ ፊርማው ላይ ደረሰ። እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ። ዕቃ ተሸካሚው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት ያረፈው፣ በረንዳ የሚያድረው።

ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠሁ። ከሳምንታት በኋላ በታይፕ ተመትቶ ሲመለስ የቤት ቁጥር የሌላቸው የሉበትም። የትኛው መሥሪያ ቤት እንዳወጣቸው መናገሩ አሁን ለማንም አይጠቅምም፤ በክፋት የተደረገም አይመስለኝም። ቅጹ የጠየቀው ቤት ነው፣ ቤት የሌለው ደግሞ ለቅጹ ሰው አይደለም። ሌላ መዝገብ ተጀመረ፣ ከዚያ ሦስተኛ። እያንዳንዱን የጀመረው ሌላ ሰው ነው፣ አንዱም የቀደመውን አላየም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያቺን ሴት እዚያው አሸዋው ዳር፣ ያው ድስት ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም፦ «አንተ አስተማሪ» አለችኝ፣ «ያ ደብተርህ ደረቀ ወይ?»

ከዚያ ወዲህ በጥያቄዋ ራሴን ሳልጠይቅ ያለፈ ክረምት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህች አገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ አደጋን የሚመለከት መሥሪያ ቤት አጥታ አታውቅም። የወሎው ረሃብ ከተጋለጠ በኋላ፣ በ1966፣ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። ስሙን ልብ በሉልኝ፣ «ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ»። በ1987 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ። ከዚያ ኤጀንሲ፣ ከዚያ ግብርና ሚኒስቴር ውስጥ አንድ ዘርፍ፣ በ2008 ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ ዛሬ ደግሞ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን። እያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት ነበረው። አደጋን ከመድረሱ በፊት ማየት፣ ስጋትን መቀነስ፣ ሁሉም ትክክል ነው፣ ዓለምም የሄደበት መንገድ ነው። ነገር ግን በስም ለውጡ መካከል አንድ ቃል መንገድ ላይ ወደቀ፦ «ማቋቋሚያ»።

የቋንቋ አስተማሪ ነበርኩና ቃል ላይ ሙጭጭ ማለት ልማዴ ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ደግሞም በ2005 የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ መልሶ ማቋቋምን አልዘለለም፤ ከአደጋው በፊት፣ በአደጋው ጊዜና ከአደጋው በኋላ ብሎ ሥራውን ከፋፍሎ አስቀምጧል። ለየአደጋው ዓይነት መሪ መሥሪያ ቤትም ይሰይማል። ወረቀቱ አለ፣ ጠረጴዛው ነው የሌለው። ጎርፉ የውኃው መሥሪያ ቤት ነው፣ ቤቱ የከተማ ልማት ነው፣ መሬቱ የመሬት አስተዳደር ነው፣ የባጂያዋ ድስት የማን ነው? ሁሉም ሲካፈለው የማንም ይሆናል። ዱቄትና ብርድ ልብስ ሲያልቅ ኮሚቴው ይበተናል፣ ድንኳኑ ይቀራል።

ከደቻቱ ጎርፍ ልክ በሳምንቱ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ 364 ሰው ገደለ። የሬዲዮው ወሬ ወደ ደቡብ ዞረ። መዞሩ አግባብ ነበር፣ እዚያም ሰው ነው ያለቀው። ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ የአገር ዓይን በአንድ አደጋ ላይ የሚቆየው እስከሚቀጥለው አደጋ ነው። ሐምሌ 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ጎረቤት ለማውጣት የሮጡትን ጭምር ቀበረ። ከዚያ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት እየተንቀጠቀጠ ከአፋርና ከኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። ጎፋን ማን እያሰበ ነው? ተራ ሰውማ ይረሳል፣ መርሳትም መብቱ ነው። ደመወዝ ተከፍሎት የማይረሳ ሰው ግን መኖር አለበት።

ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፣ እዚሁ ድሬ ውስጥ አለ። የመጠባበቂያ ምግብ ክምችት መጋዘን። በ1970ዎቹ የተጀመረ አሠራር ነው። እህሉ ረሃብ ሳይመጣ በፊት ይገባል፣ ጆንያው ይቆጠራል፣ ያረጀው ወጥቶ አዲስ ይተካል፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ድርቅ ሲመጣ «እህል እንግዛ ወይስ አንግዛ» ተብሎ ስብሰባ አይጠራም። ለሆድ ይህን ያህል ተዘጋጅተናል፤ ከሆድ ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ያዘጋጀነው መጋዘን የለም። ዝርዝር በመጋዘን ሊኖር ይችላል። መሬትም፣ ውልም፣ ብርም እንዲሁ። ጎርፉ ከመጣ በኋላ የሚዘጋጅ መልሶ ማቋቋም፣ ረሃብ ከገባ በኋላ እንደሚዘራ ማሽላ ነው።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ በዚህ ተሰናክለዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ፣ የመልሶ ግንባታ ኤጀንሲዋ ሥራ የጀመረው በየካቲት 2012 ነው። አሥራ አንድ ወር። ያውም ጃፓን! ኢንዶኔዥያ ከእ.ኤ.አ. 2004ቱ ሱናሚ በኋላ ለአቼና ለኒያስ አንድ ኤጀንሲ አቋቁማ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2005 እስከ ሚያዝያ 2009 ሠራች፤ ከ130 ሺህ በላይ ቤት ተገነባ። እኔን የገረመኝ ግን የቤቱ ብዛት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት የሚዘጋበት ቀን ተጽፎለት ነበር፣ ቀኑ ሲደርስም ተዘጋ። እኛ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ምን ያህል እንደሚኖር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የጊዜያዊ መጠለያ ልጆች ትምህርት ጀምረው ይጨርሳሉ። የሚዘጋበት ቀን ያለው መሥሪያ ቤት ግን እስከዚያ ቀን ምን እንደሚያደርስ ለመናገር ይገደዳል።

ስለ መሬት ስናገር የራሴ ሰፈር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከተማ በጎርፍ ሲመታ «ወዴት እናስፍራቸው?» ሲባል እጁ ወደ ዳር ይጠቁማል፣ ዳሩ ደግሞ እኛ ነን። ድሮ መልካ ጀብዱ ላይ መሬት ሞልቶ ነበር፣ ግራርና ቁልቋል። ዛሬ እንዲህ አይደለም። አዲሱ የባቡር ጣቢያ የተሠራው ከከተማው ወጥቶ ወደ እኛ አቅጣጫ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ በነሐሴ 2014 ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጠናው ሥራ መጀመሩ ተበሰረ። ልማቱን አልቃወምም፤ የጎረቤቴ ልጅ የሚበላው ከዚያ ነው። ግን እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለአንድ ነገር እየተመደበ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ «ይህቺ ደግሞ ለተፈናቃይ» ተብላ በፕላኑ ላይ ቀለም የተቀባች ቦታ አላየሁም። ዛሬ ካልተቀባች ነገ የምትገኘው የማንም ባለሀብት ያልፈለጋት ቦታ ናት። ማለትም ውኃ የሚሄድባት።

ርቀትም አለ። የባጂያ ሻጭ ገበያዋ ከዚራና እዚሁ ድሬ «ታይዋን» የሚባለው ሰፈር ነው። መልካ ጀብዱ ዳር ጥሩ ቆርቆሮ ቤት ሰጥታችሁ፣ ለባጃጅ የምትከፍለው ከትርፏ ከበለጠ ቁልፉን ለወንድሟ ሰጥታ ወደ አሸዋው ዳር ትመለሳለች። በኋላ «ቤት ሰጥተናት ተመለሰች» ይባላል። ሰው ወደ አደጋው የሚመለሰው አደጋውን ስለሚወድ እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ከሷ ጋር ሂሳብ መሥራት ይበቃል፦ የዘይቱ፣ የከሰሉ፣ የትራንስፖርቱ። እኔ ሠርቻለሁ፣ ለአንድ ኪሎ ዱቄት እንኳ የሚተርፍ አልወጣም።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ልናገር። በ2017 የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ የሚቋቋምበት ረቂቅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ሰው ሁሉ የተከራከረው ከደመወዝ ስለሚቆረጠው ነው። እኔ የጡረተኛ ዓይኔን የጣልኩት አሁንም ቃሉ ላይ ነው፣ «ምላሽ»። ምላሽ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ነው። ከዚያ ብር ውስጥ ለቤት፣ ለመሥሪያ ዕቃ፣ ለንግድ መነሻ የሚውል ድርሻ በመመሪያ ተለይቶ ካልታጠረ፣ የምላሹ ሆድ ሁሉንም ይበላዋል። የሚያስቸኩል ነገር የሚዘገየውን ሁልጊዜ ያሸንፈዋል። የሚያለቅስ ሕፃንና የተሰነጠቀ ግድግዳ ባንድ ቤት ቢኖሩ መጀመሪያ የምናነሣው ሕፃኑን ነው።

መታወቂያን በተመለከተ ዘመኑ አግዞናል። ዛሬ ፋይዳ አለ፤ ካርዱን ውኃ ቢወስደው አሻራን አይወስድም። ያቺ ሴት ዛሬ ብትመጣ «ውኃውን ጠይቀው» ማለት አይጠበቅባትም፣ ጣቷን ማሳረፍ ይበቃታል። ነገር ግን ፋይዳ ማን እንደሆነች እንጂ የት ጊቢ ጀርባ እንደምትከራይ፣ ድስቷ የት እንደሚጣድ አይናገርም። ያን የሚያውቀው የቀበሌ ሠራተኛና የሰፈሩ እድር ነው። ከእድሩ ደብተር የተሻለ የነዋሪ መዝገብ በዚህ ከተማ አለ ብሎ የሚከራከረኝ ይምጣ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን ተከራይ እንደገባ ያውቃል፤ ቤት ቁጥር ሳይጠይቅ ድንኳን ይተክላል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቀበሌውና እድሩ ለሁለት ቀን ቁጭ ብለው በወንዝ ዳር ያለውን ሰው ቢያመሳክሩ፣ ባለቤቱንም ተከራዩንም፣ ሦስት ጊዜ መመዝገብ አይኖርም ነበር። ወጪው ሻይና ባጂያ ነው።

የማስጠንቀቂያውም ነገር እንዲሁ በሰፈር አፍ ቢሆን ይሻላል። እኛ ጋ «ጎርፍ!» ብሎ የሚጮህ አለ፣ «ሎላ!» የሚል አለ፣ «ዳድ!» የሚል አለ። በሦስቱም የሚሮጥ ሕዝብ ነው። ቅጹ ግን የሚመጣው በአንድ ቋንቋ፣ ያውም በቢሮ አማርኛ ነው። «የተጎጂ አባወራ ንብረት ውድመት መግለጫ» የሚል ርዕስ ለአንድ ሶማሌ አዛውንት ሳነብ፣ አስተርጓሚው ልጅ ራሱ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አልገባኝም ነበር።

እንግዲህ ከክቡራን የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። አዲስ ኮሚሽን አልጠየቅሁም፤ ሌላ የስም ለውጥ ደግሞ በፍጹም። በአስተዳደሩ ውስጥ፣ በሩ ላይ «ማቋቋሚያ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ክፍል ይከፈት። በክፍሉ የሚቀመጠው ሰው በስም ይታወቅ፣ ሲዛወርም ለተተኪው በርክክብ ይፈራረም። ዝርዝሩን፣ የቦታውን ካርታና የተለየውን በጀት በአንድ መደርደሪያ ይያዝ። ደረቅ ወራት ላይ ጎርፍ መጥቷል ተብሎ አንድ ቀን ልምምድ ይደረግ። ለሩጫው ልምምድ አለ፣ የምለው ከሩጫው በኋላ ላለው ነው፦ ማን ይመዘግባል፣ ተከራይ በየትኛው አምድ ይገባል፣ የመጀመሪያው ቤተሰብ በስንተኛው ቀን ከድንኳን ይወጣል፣ የመጨረሻውስ መቼ? ለመጨረሻው ቀን ቁጥር ይጻፍለት። ምክር ቤቱም በየስድስት ወሩ ጠርቶ ይጠይቀው፣ ጎርፍ ባይኖርም።

ምናልባት «ይህ ሁሉ እኮ በእቅዳችን አለ» ትሉ ይሆናል። ሊሆን ይችላል፣ ካለ ደስ ይለኛል። እንግዲያው ጥያቄዬ ይበልጥ ይቀላል።

ያ ደብተር እኔ ጋ ነው። በንጹሕ ገልብጬ የሰጠሁት ወረቀት የት እንደደረሰ አላውቅም፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ግን በቤቴ ሣጥን ውስጥ፣ ከልጆቼ የትምህርት ማስረጃ ሥር አለ። ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፣ ጭቃው ደርቆ ይረግፋል፣ ሰማያዊው ቀለም አንዳንድ ቦታ ፈስሷል። «ከእገሌ ጊቢ፣ ኪራይ» የሚለው ግን ይነበባል። በውስጡ ያሉት አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ጅቡቲ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ዛሬም ከአሸዋው ዳር ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ አላወጣም፤ የሚመለከተው ሰው ግን ሊያየው ይገባል፣ ቢያንስ ቅጽ ሲያዘጋጅ የትኛውን አምድ መጨመር እንዳለበት ያሳየዋል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ከሰዓት ሙቀቱ አያስወጣኝም። ደብተሩን ይዤ በባጃጅ እመጣለሁ፣ ሂሳቡን ራሴ እከፍላለሁ። የትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመልካ ጀብዱ ነዋሪ